የሄልካ ማቋረጫ ቅጽ

ሴፕቴምበር 12
እንደወትሮው። የፊንላንዷ ኦውሉ ከተማ ዝናብ፣ ብስክሌት፣ እርጥብ ካልሲ። የአንደኛ ዓመት ፕሮግራሚንግ አስተማርኩ። "ጥያቄ አለ?" አልኩ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ገብቷቸዋል ብዬ አለፍኩ።

ሴፕቴምበር 19
ተማሪዬ ሄልካ ዛሬም ያለ ዕቅድ መጣች። ሦስተኛ ጊዜዋ። ፕሮግራሟ ግን ይሠራል! ምን ላድርግ? ደንቤ ደንብ ነው፤ መጀመሪያ ዕቅድ በወረቀት፣ ከዚያ ኮድ። ዜሮ ሰጠኋት። ላፕቶፗን ዘግታ ወጣች።

ሴፕቴምበር 26
ሐሙስ፣ እንደ አገሩ ልማድ የአተር ሾርባ። ሳልጨርሰው ሄልካ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት አስቀመጠች። የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ። ምክንያት በሚለው ቦታ "ይህ ትምህርት ለእኔ አይሆንም" ብላለች።
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ታውኖ፣ ዕቅድ ጻፊ ስትለኝ ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። ሠርቼ ሳየው ነው የሚገባኝ። ሰነፍ ናት ትላለህ፣ አይደል?"
እላለሁ እንዴ?... በአፌ ባልናገረውም ብያለሁ።
ባለፈው ዓመት ከስልሳ ተማሪ ሃያ ሦስቱ አቋርጠው ሄደውብናል። ልፈርም ብዕር አነሳሁና "ቀለም ጨርሷል" አልኳት። ውሸቴን። በአሥራ ዘጠኝ የማስተማር ዓመቴ ወረቀት አሳድሬ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 27
ለራይሊ ነገርኳት። አዲሷ የተማሪዎች አማካሪ፤ ሠላሳ ዓመት ብስክሌት ጥገና ያስተማረች ሴት።
"ሰኞ ክፍልህን ስጠኝ። ከረጢት ይዤ እመጣለሁ።"
"የምን ከረጢት?"
"ታየዋለህ። አንተም ከልጆቹ ጋር ትቀመጣለህ።"
ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 30
ከረጢቱ ውስጥ የተፈታታ የብስክሌት መብራት፣ ብሎኖች፣ መመሪያ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ። "ገጣጥሙት፣ ዐሥር ደቂቃ" ብቻ ነው ያለችው። ነጥብ የለውም። ራይሊ መብራቱን አታይም፤ ማን በምን እንደሚጀምር ነው የምታየው።
ኦስሞ የሚባለው ተማሪ መመሪያውን ሁለቴ አነበበ። አንዷ ብሎኖቹን በመጠን ደረደረች። ሄልካ ዘረገፈችው። ገጠመች፣ ተሳሳተች፣ ፈታች፣ እንደገና... በስድስተኛው ደቂቃ በራላት። እኔስ? መመሪያውን አነበብኩ፣ አሰመርኩበት፣ ሰዓቱ አለቀ። አንድ ብሎን አልነካሁም።
"ሰነፍ ነህ ልበልህ?" አለችኝ ራይሊ፣ ሁሉም ፊት።
ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እነዚህ ልጆች መሳቅ ይችላሉ እንዴ? እኔ እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። ግን እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እንደ እኔ የሚጀምሩትን ብቻ ነው ያሳለፍኩት። ቆጨኝ።

ኦክቶበር 1
ደንቡን ቀየርኩ። ዕቅዱ ከሥራው በፊትም ይምጣ፣ በኋላም ይምጣ። ሄልካን "እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሺኝ፣ ከዚያ እፈርማለሁ" አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። ራይሊ ከኦስሞ ጋር አስቀመጠቻት።

ኦክቶበር 10
ኦስሞና ሄልካ ይጨቃጨቃሉ!
"አንብቢው እንጂ!"
"መጀመሪያ ይበላሽ፣ ከዚያ አነበዋለሁ!"
ኦስሞ እስከ ባለፈው ሳምንት አንድ መስመር ኮድ አልጻፈም ነበር። ዛሬ አርባ።
"ጥያቄ አለ?" ብዬ መጠየቁን ተውኩት። በየጠረጴዛው ዞሬ አየሁ። ዝም የሚሉት ስለገባቸው አልነበረም...
ራይሊ እንዴት ያለች ሴት ናት! ማተሚያው ማሽን ወረቀት ጎርሶ ሲቆም እኔን ትጣራለች፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላየሁትን ግን በዐሥር ደቂቃ አየች። ቀናሁባት፤ ደግሞም ኮራሁባት።

ኦክቶበር 31
ሄልካ ከክፍል በኋላ ቀረች።
"ታውኖ፣ ወረቀቴ የታለ?"
ድንግጥ አልኩ። ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ምን እላለሁ? ቃል ገብቻለሁ።
"ብዕርህስ? ዛሬ ቀለም አለው?"
ለካ ያኔም አውቃብኛለች! ብዕሩን ተቀብላ ወረቀቱን ገለበጠችና ጀርባው ላይ መሳል ጀመረች። ሣጥን፣ ቀስት፣ ሌላ ሣጥን... ትናንት ከኦስሞ ጋር የጨረሱት ፕሮግራም ዕቅድ። አጠገቧ ቆሜ አየሁ። እኔ እንኳ እንዲህ አጥርቼ አልሠራም።
"ይኸው ዕቅድህ" ብላኝ ወጣች። ብዕሬንም ይዛው ሄደች።
ሌላ ብዕር ፈልጌ ጀርባውን አረምኩ። አምስት ከአምስት። የፊቱን ገጽ ሳልፈርም ከዕቅዶቹ ማኅደር ውስጥ አስገባሁት።