አራተኛው ጉድጓድ ጋ ያለው የእግር መንገድ

ይድረስ ለቀድሞው እጮኛዬ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? የአዲስ አበባ የኅዳር ብርድ ያንን ደረትህን አላስቸገረውም? እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱም እንደምታውቀው ነው፤ ባሮ ጎደል ብሎ አሸዋው ታይቷል። ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ መልእክትህ ስልኬ ላይ ሲገባ፣ ለሌላ ሰው የላክኸው መስሎኝ ነበር። እስከ ታች ሳነበው ግን አንተው ነህ፤ በአንድ መስመር ጤንነቴን ጠይቀህ በሁለተኛው ሥራ ታዘኛለህ። በስልክ ብመልስልህ ድምፅህ እንደሚያሸንፈኝ ስለማውቅ ወረቀት መረጥኩ። እዚያው አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራ ጓደኛዬ በእጅህ ትሰጥሃለች።

የጠየቅኸኝ ይህ ነው። ከመሥሪያ ቤትህ እንግዶች ጋር በመጪው ሳምንት ትመጣለህ፤ ቅዳሜ ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት የጎልፍ ሜዳችን ለእናንተ ብቻ እንዲሆን፣ አባላት እንዲቀሩ፣ ሜዳውን የሚያቋርጠው የእግር መንገድ ላይም ገመድ ተወጥሮ ሰው እንዳያልፍ። እናትህ ኢታንግ እህትህ ሀኒ ጋ ስለሆነች ከተማው ውስጥ የምትጠይቀው ሰው እንደሌለ፣ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላኑ እንደምትመለስም ጽፈሃል። መልሴን ከወዲሁ ልንገርህ፤ ሜዳው አይዘጋም፣ ገመድም አይወጠርም። አሁን ተረጋግተህ ምክንያቱን አንብብ።

አንተ ስትሄድ ይህ ቦታ ከኒውላንድ ሰፈር ወጣ ብሎ ያለ ቁጥቋጦ ነበር። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው አቶ ፈረጅ፣ የክበባችን ሰብሳቢ፣ አስጠርጎ ዘጠኝ ጉድጓድ አስቆፈረበት። ሣር የለንም። ጉድጓዱን በሚያሳየው ባንዲራ ዙሪያ ሁሉ፣ ኳሱ እንዲንከባለል የተቃጠለ ዘይት የጠጣ አሸዋ ነው ያለው። ሣር ባይኖረንም ደንብ አለን፤ ደንቡን የማስከብረው እኔ ነኝ፣ በሥራዬም አላፍርም። ያለ ኮሌታ ሸሚዝና በነጠላ ጫማ አይገባም። ከፊት ያሉት ሳይርቁ አይመታም። ሌላው ሊመታ ሲቆም ስልክ ይዘጋል፣ ወሬም ይቆማል። የዘገየ ከኋላው ያሉትን ያሳልፋል። ጨርሶ የሚወጣ ሰው የረገጠውን አሸዋ በመጥረጊያ አስተካክሎ ይሄዳል። ኳስህን ዝንጀሮ ከወሰደብህ ያለ ቅጣት ሌላ ታስቀምጣለህ፤ ዝንጀሮውን ማሳደድ ግን ክልክል ነው፣ ጨዋታ ያዘገያል። ሳቅክ አይደል? ባለፈው አንድ የእርዳታ ድርጅት ኃላፊም ስቆ ነበር፤ ጫማውን ቀይሮ እስኪመጣ ድረስ ግን በር ላይ አቆምኩት።

ስለ ገመዱ ደግሞ ልንገርህ። የእግር መንገዱ አራተኛው ጉድጓድ ፊት ለፊት ያልፋል። ከወንዝ ዳር ማሳ ወደ ገበያ የሚወስደው እሱ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። አምና፣ እኔ ገና የተጫዋቾች ስም መዝጋቢ ሳለሁ፣ ለውድድር ቀን ኮሚቴው እዚያ መንገድ ላይ ገመድ አስወጠረ። ቀጭን ሰማያዊ የናይለን ገመድ ነበር፣ ከጉልበት ከፍ ያለ። በራሷ ላይ ቅርጫት የተሸከመች ሴት አንገቷን ደፍታ እግሯ ሥር ማየት እንደማትችል ማንም አላሰበም። ሰው ያየዋል ብለው ነው ያሰሩት፤ ያሰቡት ግን ሸክም የሌለበትን፣ አንገቱ ነፃ የሆነውን ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የደረሰችው ሴት በሰፈራው ጊዜ በልጅነቷ የመጣች ደገኛ ናት፤ በራስ መሸከምን ከአኙዋክ ጎረቤቶቿ ለምዳ ከእነሱ እኩል ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ገመዱ ጠለፋት። ቲማቲሙ ሜዳው ላይ ተበተነ፤ እሷ በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። ሮጬ ሄድኩና ማንንም ሳላስፈቅድ ገመዱን በማንጎ ቢላዬ በጠስኩት። አቶ ፈረጅ በተሰበሰበው ሰው ፊት ጮኸብኝ። ሴትየዋ ግን ከወደቀችበት ቀና ብላ፣ በልጅቷ ላይ ከምትጮህ ቲማቲሜን አትለቅምም ወይ አለችው። ለቀመ፤ እንግዶቹም አብረውት ለቀሙ። በሳምንቱ ጠርቶኝ የበሩን ቁልፍ ከነኃላፊነቱ ሰጠኝ። ቁጡ ቢሆንም ልቡ መልካም ሰው ነው።

ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበር። እጇ እየታሰረ እያለ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንዱ ልጄ እንዳይሰማ። ከሰማ ወደ ሴቷ ልጄ ቤት ይመልሰኛል፣ እኔ ደግሞ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሰው እስኪያጎርሰኝ አልጠብቅም፣ ለዚህ ብዬ ነው ወር ሳይሞላኝ ተመልሼ የመጣሁት፣ እህቱም ደብቃልኛለች አለች። የወደቀችው ማን እንደሆነች ለልጇ እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደንብ ጨመርን፤ መንገዱ ላይ ሸክም ያለበት ሰው ከታየ የጎልፍ ዱላ መሬት ይነካል፣ እስኪያልፍም ማንም አይመታም። ኦቹዶ፣ ሜዳውን የሚንከባከበውና ከሁላችን የሚበልጠው ተጫዋች፣ ትናንት ጥያቄህን ስነግረው፣ ይሄ መንገድ እኮ ከባንዲራው በፊት ነበር፣ እንግዳ ነው ቆሞ የሚያሳልፈው አለኝ። አቶ ፈረጅ ግን ጨንቆታል። አለቃህ የውኃ ፓምፕ ቃል ገብተውለታል፤ ሣር ሊያበቅል ነው። እንግዶቹ ከተከፉ ቁልፉን እቀበልሻለሁ ብሎኛል። ተቀበለኝ አልኩት። ሥራዬን እወዳለሁ፣ ባጣው ያመኛል፤ ገመድ ግን አልወጥርም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ለእንግዶችህ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተራ ይዤላቸዋለሁ፤ ኦቹዶ አብሯቸው ይጫወታል። እንደማንኛውም አባል በክብር ይስተናገዳሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አራተኛው ጉድጓድ ጋ ትደርሳላችሁ። እዚያ ስትደርስ ዱላህን መሬት አድርገህ ቁም። ቅርጫቷን በግራ እጇ የደገፈች ሴት ታልፋለች፤ ቀኙ እስካሁን ሸክም አይችልም። ሸክም ላይ ስለሆነች ዞር ብላ አታይህም። ቀድመህ ድምፅህን ካላሰማሃት አልፋህ ትሄዳለች።

ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ማን እንደሆነች አልነገርኩህም። በየቅዳሜው ስታልፍ ግን ከመንገዱ ሳትወጣ፣ ምራቴ፣ ደህና አደርሽ ወይ ትለኛለች። በዚህ ከተማ እንዲህ ብላ የምትጠራኝ ሌላ ሴት የለችም። እኔም ደህና አደርኩ እላታለሁ እንጂ አንድም ቀን አላረምኳትም።

እግዚአብሔር በሰላም ያምጣህ፤ ደረትህንም ከብርድ ይጠብቅልህ። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ እንዳትረሳ።

የቀድሞ እጮኛህ፣
ከጋምቤላ