ቦራምን አሳልፌ አልሰጥም

ይድረስ ለልጄ ለዬሪን፤ የሊዝበን ሰማይ ይራራልሽ፣ የሰው ፊት አይክበድሽ። እዚህ ጆንጁ ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን እያመመውም ተራራ መውጣቱን አልተወም።

የሥነ ልቦና ምክር የምሰጥበት ቢሮዬ ሰፍቶ አማካሪዎች እንደቀጠርኩ ታውቂያለሽ። በቀደም ያ የሕንፃው ባለቤት ኦክ መጥቶ በዕድሜ ከሁሉም የምታንሰውን አማካሪ፣ ቦራምን፣ አፋጠጣት።

«ልጄ እዚህ እየመጣች ስለ እኔ ምንድን ነው የምትነግርሽ?»

«እሱን እሷን ይጠይቋት» አለችው።

ወደ እኔ ዞሮ «ይቺን ካላባረርሽ ሕንፃዬን ትለቂያለሽ!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው እንለቃለን» አልኩት።

ሌሎቹ አማካሪዎች «ይቅርታ ብንጠይቀውስ?» ብለው ለመኑኝ። ቦራምን አሳልፌ ብሰጥ ግን ነገ ማን አምኖን ምስጢሩን ያወራል? አለቃቸው እኔ ከሆንኩ ዱላው መጀመሪያ እኔ ላይ ይረፍ።

አሁን ከዓሣ ገበያው በላይ ተከራይተናል። ክፍሉ ይሸታል፤ ደንበኞቻችን ግን አፍንጫቸውን ይዘውም ቢሆን ይመጣሉ። ትናንት የኦክ ልጅ ራሷ ደረጃውን ወጥታ «ቦራም አለች?» አለችኝ።

አክስትሽ «ኦክን ይቅርታ እንድትጠይቅ እናትሽን ምከሪያት» ብላ ብትደውልልሽ እባክሽ እሺ እንዳትያት። ከሚያስጎነብስሽ ሁሉ ይሰውርሽ።

እናትሽ