የሐያት ዲግሪና የእኔ መጋዘን

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት 2:30

ሱቅ ከፍቻለሁ። ገበያው ገና አልሞቀም። ለአንድ ልብስ ሰፊ የዩኒፎርም ጨርቅ ቆርጬ ሸኘሁት። አሁን ላንተ ደቂቃ አለኝ፣ ደብተሬ።

ልጄ ሐያት ትናንት አንድ ደብዳቤ በስልኳ አሳየችኝ። ባሕር ማዶ ያለው ስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ኮምፒውተር ሳይንስ። (ከዚህ በኋላ ኮ.ሳ. ነው የምለው፣ እጄ ይደክማል።) አራት ዓመት። ግማሹን ወጪ እነሱ ይችላሉ፣ ግማሹ በእኔ። መልስ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ።

ግማሹ ማለት መጋዘኔ ነው። ሌላ የምሸጠው የለኝም። መጋዘን ከሌለ ደግሞ ጅምላ የለም። አባቷ ካረፈ በኋላ ከችርቻሮ ወደ ጅምላ ለመውጣት አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል። ተመልሼ ሜትር ይዤ ልቁም? በዚህ ዕድሜዬ?

ግን ምን ዓይነት ልጅ ናት! ማሻአላህ። ማንም ሳይረዳት ፈተናውን ተፈትና፣ ማመልከቻውን ሞልታ፣ ሲሳካ ነው የነገረችኝ።

ጨርቅ ስገዛ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ። ሽታው ጥጥ ይሁን ናይለን ይነግረኛል። ዲግሪ በምን ይፈተናል?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ከምሳ በኋላ

ተናድጃለሁ። ጎረቤቴ ጋሽ ሽኩር መጋዘኔ ላይ ዓይናቸውን ከጣሉ ቆይተዋል። ዛሬ ልሽጥልዎ ወይ ብላቸው አትሽጪ ይሉኛል! ገዢው ራሱ አትሽጪ ካለ ነገሩ ከባድ ነው። "በዩቲዩብ በነፃ የሚሰጡትን ምን ብለሽ ትገዢያለሽ?" አሉኝ። የእህታቸው ልጅ ሞባይል እየጠገነ፣ ማታ ማታ ኮድ የሚሉትን ቤቱ ተቀምጦ ተምሮ፣ አሁን ደህና ያገኛል። ሰውየው አልዋሹም።

11 ሰዓት። ተረጋጋሁ። የድሮ ደንበኛዬ ልጅ ሰሚራ ትዝ አለችኝ። የዚያው ዩኒ. ምሩቅ፣ ያው ኮ.ሳ.። አሁን እዚሁ ተመልሳ ለባንኮች ትሠራለች። ደወልኩላት። ቅዳሜ ሱቄ እንድትውል ለመንኳት። ዕቃ ከማስጫኔ በፊት ናሙና አያለሁ፣ ናሙናዋ እሷ ናት። ይህን አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። 12 ሰዓት፣ ልዘጋ ስል

ደብተሬ፣ ምን እንዳየሁ ስማ።

ሰሚራ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ላፕቶፕ ትከፍታለች ብዬ ነበር፣ አልከፈተችም። ጥጉ ላይ የተከመረውን ቁርጥራጭ እያየች ጥያቄ ብቻ። ይሄ ለምን ተረፈ? ማን ምን ያህል ሜትር ያዛል? አንድ ሰዓት ሙሉ። ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ አባርረው ነበር።

ከዚያ አንድ ዘዴ አወጣች። ትልቁን ትዕዛዝ ሁልጊዜ አስቀድሞ መቁረጥ። እኔ ደስ አለኝ።

ሱቅ ልታግዘኝ የመጣችው ሐያት ግን አይሆንም አለች። አሥር ሜትር የቀረው ጣቃ አወረደች። ትዕዛዙ ስድስት፣ አምስትና አምስት ይሁን። ስድስቱ ቢቀድም አራት ሜትር ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁለቱ አምስቶች ከዚህ ቢቆረጡ ግን ምንም አይተርፍም፣ ስድስቱ ከአዲስ ጣቃ ይወጣል።

ሰሚራ ጣቃውን አየች፣ ሐያትን አየች። "ወይኔ! ተሳስቻለሁ!" ብላ በገዢ ፊት አጨበጨበች። አላፈረችም። ሎተሪ የወጣላት መሰለች። እኛ ተራ ውስጥ ገዢ ፊት ተሳሳትኩ የሚል ሰው አላውቅም። እኔ ሞቼ እገኛለሁ።

ሁለቱን አምስቶች ማጣመር እኔም በልምድ ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ሰሚራ ጠየቀችኝ፣ የነገርኳትንም ጻፈችው። ኮራሁ።

ከዚያ ሁለቱም ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ምሳ ቀዘቀዘ። የሚሉት አይገባኝም፣ ግን ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ሰሚራን ስሸኛት በግልጽ ጠየቅኳት። ለትምህርቱ ያወጣችሁት ገንዘብ ያዋጣል? አልሸነገለችኝም። ኮዱን ቤት ተቀምጦ መማር ይቻላል፣ ጋሽ ሽኩር ትክክል ናቸው አለች። እሷም እዚያ ስትገባ መጀመሪያ ላይ አልቅሳለች፣ ሰነፍ መስላ ታይታለች። "ግን እትዬ ዘሃራ፣ ስሳሳት አብሮኝ የሚደሰት ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው" አለችኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 10። ከሰዓት

ተጣላን። ሐያት አልሄድም ትላለች። ሰሚራን ስጠይቃት ሰምታናለች። አንቺን ወደ ችርቻሮ አውርጄ የምማረው ትምህርት ይቅርብኝ፣ ነገ እምቢታዬን እጽፋለሁ አለች። ጮኽኩባት። እሷ አልጮኸችም፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11። ጠዋት 4:00

ጋሽ ሽኩር ጋ ሄጄ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጠኋቸው። አስበሽበታል ወይ አሉኝ፣ ሁለቴ። አስቤበታለሁ። ውሉን ከሰዓት እንፈራረማለን። ሐያት አታውቅም። ብነግራት ታስቆመኝ ነበር። መልሱን ሳትልክ ወደ ሱቅ እንድትመጣ ደውዬላታለሁ።

ዲግሪው ያወጣሁትን ይመልስ አይመልስ አላውቅም። ላይመልስም ይችላል። እፈራለሁ። ገበያተኛው ዘሃራ ወረደች ሲል ይሰማኛል፣ ያመኛልም።

ግን ቅዳሜ ልጄን አየኋት። እንዴት ፈጥና ታወራ ነበር! ሰሚራ ሳትጨርስ ትቀበላታለች፣ ሰሚራም እንደዚያው። እጆቿ ሳይቀሩ ያወሩ ነበር። ከእኔ ጋር ስታወራ ግን ሁልጊዜ ቀስ ትላለች። ለአክብሮት ይመስለኝ ነበር። ለካ እየጠበቀችኝ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳትሰለች፣ እስክደርስባት ስትጠብቀኝ ኖራለች።

ያቻትና፣ ከሲኒማ ራስ በኩል በእግሯ እየመጣች ነው። ከእንግዲህ አትጠብቂኝ፣ ሂጂ እላታለሁ። እንባዬ ብቻ ካልቀደመኝ።