ለጉልላት የቀመስኩት ቢራ

ውድ ጉልላት፣

ዛሬ በገዛ ወጥ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቢራ ጠጣሁ። አዎ፣ እኔ ርብቃ፣ የመዘምራኑ ርብቃ። ብትኖር ኖሮ ሆድህን ይዘህ ትስቅብኝ ነበር። አንተን ከቀበርን ወዲህ በረዶው መጥቶ ሄደ፤ ይህን ለማን እንደምነግር ሳጣ ጊዜ ላንተው ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሌኒንግራድ ሄደህ የቢራ ጠመቃ ተምረህ፣ እዚህ ስቶክሆልም የምድር ባቡር ስትነዳ የኖርክ ሰው ነህ። ጌታን ከተቀበልክ በኋላ መጠጥ በአፍህ አልዞረም፤ ስለ ቢራ ከማውራት ግን የሚያስቆምህ አልነበረም። በተለይ ስለዚያ ሳይጣራ ስለሚሸጠው የሩሲያ ቢራ። «ርብቅዬ፣ እንደ እናቴ ጉሽ ጠላ ደፍረስ ያለ ነው። ማጣራት እኮ ነፍሱን ማውጣት ነው» ትለኝ ነበር። እኔም «ወንጌላዊው ይስማህና ያንተን ነፍስ ያወጣታል» እልህ ነበር።

ጉሮሮህን ታመህ ሐኪሞቹ ቁርጡን ሲነግሩን፣ ምን እንዳማረህ ጠየቅኩህ። ሽሮ ትላለህ ብዬ ስጠብቅ «ያን ቢራ» አልከኝና አፍረህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። እኔ አላፈርኩም። ሳትሄድብኝ ያማረህን ማግኘት ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ሩሲያዊቷን ጎረቤታችንን ጋሊናን ለመንኳት። መርከበኛው ወንድሟ ከፒተርስበርግ፣ ካንተው ሌኒንግራድ፣ ሲመጣ፣ የኮመጠጠ ኪያር በነበረበት አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሞልቶ አመጣልኝ። «ቶሎ ይጠጣው፤ ይኼ ቢራ አይቆይም» አለችኝ። እሱን እንኳ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው ስመጣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከማን ጋር ብገናኝ ጥሩ ነው? ከሶረቲ ጋር፣ ከጸሎት ቡድኑ መሪ።

«እህት ርብቃ፣ ምን ይዘሽለት ነው?»

«ሾርባ።»

«ጌታ ይባርከው» አለችና እጇን ጠርሙሱ ላይ ጭና ጸለየችበት። ስነግርህ እስኪያስልህ ድረስ ሳቅክ። የመጨረሻው ሳቅህ እሱ ነበር።

መዋጥ ስለማትችል ነርሷ «በጥጥ ነክረሽ ከንፈሩን አርጥቢለት» ብላኝ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ቀዳሁት፤ ደመና የገባበት ቢጫ ነው። ጥጡን ነክሬ ሳቀርብልህ አፍህን ገጠምክ።

«ሳትቀምሺ?»

ረስቼው ነበር። እናትህ እትዬ ያለምወርቅ ጠላ ሲቀዱ፣ መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ለሰው ሰጥተው አያውቁም። ቀድሜ ጠጥቼዋለሁ፣ አትስጋ ማለታቸው ነው። እኔም በመዳፌ አድርጌ ቀመስኩልህ። ቢራ አፌ ሲገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ከንፈርህን አረጠብኩልህ፤ አንተም በምላስህ ላስ አደረግከው።

«ምንም» አልከኝ። «የጨረር ሕክምናው ምላሴን ገድሎታል፤ ምንም አይለኝም። አንቺ ንገሪኝ እስቲ። ምን ምን ይላል?»

«ይመራል» አልኩህ።

«ሌላስ?»

አፌ ውስጥ ያለውን ትቼ አንተን ነበር የማየው። «ሌላስ ርብቅዬ?» አልክ ደግመህ። እንባዬ ቀደመኝ። አንተም አዝነህልኝ መሰለኝ፣ ጥያቄውን ትተህ ዓይንህን ጨፈንክ። ከዚያ ወዲያ ለመነጋገር አልታደልንም።

ይኸው «ሌላስ?» ያልከው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መዝሙር መሐል ይመጣብኛል። በምድር ባቡሩ ቀይ መስመር ስሳፈር፣ እንደሌለህ እያወቅኩ፣ ሾፌሩን አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ናፈቅከኝ ጉሌ። ሰው እንዲህ አጥንት ድረስ እንደሚናፍቅ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጋሊና ሳልጠይቃት ያንኑ ጠርሙስ በአዲስ ቢራ ሞልታ ይዛልኝ መጣች። በመዳፌ ቀመስኩ፤ ከዚያ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በቀስታ ጠጣሁት። ትሁት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብርጭቆውን አሸተተች። ሁሌ በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ልጅህ «እማዬ፣ ዳቦ ዳቦ ይላል» አለችኝ፣ በአማርኛ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ እንዲህ ያደርጋታል።

እንግዲህ ልንገርህ። መጀመሪያ ልጅህ እንዳለችው ነው፤ አሁን የወጣ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ምላስ ላይ ሲያርፍ ወፈር፣ ለስለስ ይላል። ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነገርም አለው፤ ብቅሉ መሰለኝ፣ እሱን አንተ ታውቃለህ። መጀመሪያ ቤታችሁ የወሰድከኝ ቀን የእናትህ ጓዳ የሸተተኝም ሽታ አለበት። የሚመረው ከዋጡት በኋላ ነው። እኔ ሆስፒታል የነገርኩህ መጨረሻውን ብቻ ነው።

አንድ ብርጭቆ ቀድቼ በወንበርህ በኩል አስቀምጬልሃለሁ። ቀምሼልሃለሁ፤ ጠጣ።

ያንተዋ ርብቃ
ብሬዴንግ፣ ስቶክሆልም፣ ግንቦት 1988 ዓ.ም.