የማይነሳው ቁጥር

ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣ ለጭምቱ፤

እማዬ በሕይወት አለች። ይህን ከሰላምታ በፊት ማስቀደሜን ይቅር በለኝ። አሁን በምጽፍልህ ሰዓት እንኳ ወዲያኛው ክፍል ሬዲዮ ከፍታ ከዜና አንባቢው ጋር እየተከራከረች ነው። «ውሸታም!» ስትለው ይሰማኛል። ድምፅዋን ሰኞ ዕለት አንተም በስልክ ሰምተሃል፤ ስለዚህ መኖሯን ታውቃለህ። የማታውቀው ያ የሞት መልእክት እንዴት ስልክህ ላይ እንደገባ ነው።

«በሞትም ይቀለዳል?» ብለህ የጻፍክልኝን አንብቤዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው። መልእክት ብልክልህም አታምነኝም፤ ያ ስልክ አንዴ ዋሽቶሃል። የእጅ ጽሑፌን ግን ታውቀዋለህ፤ ያችኑ የዶሮ ጭረት። ስልክ እንድታነሳ የሸረብነው ተንኮል መስሎህ ይሆናል። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም ይመስለኝ ነበር። በእማዬ ዕድሜ ልምልልህ አስቤ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን በእሷ ዕድሜ መማል አሳፈረኝ። ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ። ብትናደድም እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከታች የምነግርህ ሌላ ነገር አለኝ።

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል እንደምሠራ ታውቃለህ፤ «የአቧራ ንግሥት» ያልከኝ አንተ አይደለህ? አምና ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተባለና ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። «ፕሮጀክቱን የምትመሪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ ኮምፒውተር ቀጥ ሲል አጥፍቶ ከማብራት ሌላ የማውቀው የለኝም» ብለው፣

«ፕሮግራመሩም የሚያደርገው እሱኑ ነው» ብሎ አረፈው።

ከዚያ የቴክኖሎጂ ፕሮጀክት አመራር ሥልጠና ላኩኝ። እኔ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍተው የሚያሳዩኝ መስሎኝ ነበር። አሠልጣኛችን ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ግድግዳ የሚያልፍ ሴት ናት። መጀመሪያ ቀን «ስንት ብር የወጣበት ሲስተም ተሠርቶ ሲያበቃ ለምን ይበላሻል?» ብላ ጠየቀችን። አንዱ መብራት አለ፣ አንዱ ኔትወርክ አለ። እሷ ግን «አንድ ሰው መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ ሳይጠይቅ ስለቀረ ነው» አለች። የፕሮጀክት መሪ ሥራው ይኸው ነው፤ ምን እንሥራ፣ ለማን፣ እስከ መቼ፣ ምን ሊበላሽ ይችላል፣ ሲበላሽስ ለማን ይነገራል እያሉ ሰው ማሰልቸት። አንተ ከልጅነታችን «አለቃ» ያልከኝ ለዚህ ሥራ ስትቀባኝ ኖሯል።

ደጋግማ የምትለን ሌላም ነገር ነበር፤ መጥፎ ዜና ትኩስ ትኩሱን ይነገር፣ ባደረ ቁጥር ይከፋል። እኔም አላስቻለኝም፣ ከኋላ ወንበር «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» አልኩ። ሣቀችና ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ሳምንቱን ሙሉ በኩራት ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ምን ያለ ጉድ እንደሚጠብቀኝ መች አወቅሁ!

የሲስተሙ የሙከራ ጊዜ ደረሰ። ከምንኮራባቸው ነገሮች አንዱ ለቤተሰብ የሚላከው የስልክ መልእክት ነበር። ጠያቂ ሁሉ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ስለሚውል፣ «ሕመምተኛው ከመዝገብ ሲወጣ ለቤተሰቡ መልእክት ይላክ» ብዬ በገዛ እጄ አዝዣለሁ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። ታዲያ ሲስተሙን ለመሞከር የውሸት ሕመምተኞች መመዝገብ ነበረብን። ፕሮግራመሩ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው፣ እየተሽኮረመመ «የመላኪያውን መስመር ዘግቼዋለሁ። ለማንኛውም ግን የእውነት ቁጥር አታስገቡ። የማይነሳ ቁጥር አስገቡ» አለን።

ወንድሜ፣ ይቺን ስጽፍ ብዕሩ ይከብደኛል። የማይነሳ ቁጥር ሲለን ጣቶቼ እኔን እንኳ ሳይጠይቁ የአንተን ቁጥር መቱ። አባባ ከተቀበረ ወዲህ ስንቴ ደውያለሁ? ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። ከራሴ ቁጥር ይልቅ እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሰው መኖሩን ተስፋ ቆርጬ ትቼው ነበር። ኮምፒውተሩ ስም አስገቢ ሲለኝ ደግሞ ያን ሰሞን አእምሮዬን የያዘችው እማዬ ነበረችና የእሷን ስም ጻፍኩ። ለምን እንደያዘችው ኋላ እነግርሃለሁ።

ሰው ከሆስፒታል መዝገብ የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው፤ ድኖ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተልኮ፣ ወይም ሞቶ። ሦስቱም መሞከር ስላለባቸው ተከፋፈልናቸው። ሦስተኛው ለዋና ነርሷ ደረሳት። እኔ ሥልጠና ላይ ሳለሁ ፊቷ ያገኘችውን መዝገብ ከፈተች፤ የማን እናት እንደሆነች በምን ታውቃለች? «አርፈዋል» የሚለውን ተጫነችና ወደ ሥራዋ ሄደች። መስመሩ ዝግ ስለነበር መልእክቱ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ተቀመጠ።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ከበላይ እንግዶች ይዞ ከተፍ አለ። «አንዲት መልእክት ስልኬ ላይ ስትገባ እናያለን» አለ። ፕሮግራመሩ አንገቱን ደፍቶ «ዛሬ ባይሆንስ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ አጉተመተመ። ዳይሬክተሩ እኔን አየኝ። እኔም የፕሮጀክት መሪዋ፣ ምን ሊበላሽ ይችላል ብዬ እንድጠይቅ የሠለጠንኩት ሴትዮ፣ እንግዳ ፊት ላለማፈር ብዬ «ለአንድ አፍታ ክፈትላቸው» አልኩት።

ከፈተው። የዳይሬክተሩ ስልክ ጮኸ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ወዲያው የዋና ነርሷ ስልክ ጠራ። ለካ እሷም የማይነሳ ቁጥር ስትባል የፈታችውን ባሏን ቁጥር አስገብታ ኖሯል! ሰውዬው «እናትና ልጅ ደኅና ናቸው፣ መጥተው ይውሰዱ» የሚል መልእክት ደርሶት «የማን ልጅ ነው የምወስደው? ንገሪኝ እንጂ!» እያለ ሲጮህ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሣቅሁ።

እየሣቅሁ ነው እንግዲህ ስክሪኑን ያየሁት። የእማዬ ስም፣ ከጎኑ የአንተ ቁጥር፣ ከጎኑ «ተልኳል»። ጽሑፉን አንተም ታውቀዋለህ፤ ከእማዬ ስም ሥር «የሕመምተኛዎ አገልግሎት ተጠናቋል። ሁኔታ፦ አርፈዋል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ፕሮግራመሩ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ሲለኝ ስክሪኑን በጣቴ አሳየሁት። ወንበር አስይዘውኝ ውሃ ሰጡኝ። ስልኬን አንስቼ ስደውልልህ መስመርህ ተይዟል። ስንት ዘመን ባዶውን ሲጠራ የኖረ ስልክ ተይዟል! ሰው እንዳለበት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ለካ እማዬ ጋ እየደወልክ ነበር። ቤት ስገባ «ዛሬ አንድ ሰው ደውሎ አለቀሰብኝ» አለችኝ።

«ምን አለሽ?»

«‹ማን ልበል?› ብለው ‹እማ› አለና ተቋረጠ። ተሳስቶ የደወለ ነው መሰለኝ፣ ምስኪን።»

ተሳስቶ ነው ያለችው ሴትዮ ግን ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመሸችው። ራት ስንበላም ከሳህኑ አጠገብ አኖረችው። እውነቱን ልነግራት ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አባባ ሲያርፍ እነ አጎታችን «ፈተናውን ይጨርስ» ብለው አዘገዩብህ፤ መርዶህን የነገረህ የጎረቤት የስልክ መልእክት ነበር፤ ስልካችንን ማንሳት የተውከውም ከዚያ ወዲህ ነው። ያኔ ዜናው ዘግይቶ ደረሰህ፣ አሁን ደግሞ ማሽን ያልሆነውን ቀድሞ አመጣብህ። ይህን ሳስበው ራሴን የት ልውሰደው? ተናደድክ ብዬ አልፈርድብህም።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። «ሲስተሙ በተባለው ቀን አይጀምርም» አልኩት።

«በአንድ የሙከራ ስሕተት? የማስጀመሪያው ጥሪ ወጥቶ?»

«ሲስተሙ አልተሳሳተም፣ ጌታዬ። የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ከመዝገብ መውጣት ሲባል መዳን ብቻ ታየኝ። የሞተ ሰውም ከመዝገብ ይወጣል። ብንጀምረው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት የስንቱን ቤተሰብ ልብ በስልክ ጽሑፍ እንሰነጥቅ ነበር» አልኩና መልእክቱን ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

መነጽሩን አወለቀ። «‹ስለመረጡን እናመሰግናለን› የሚለውን እዚህ ላይ የጻፈው የትኛው ደነዝ ነው?»

«እርስዎ ነዎት። ከመልእክቱ ሁሉ ሥር ይግባ ብለው አዝዘዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ከሥራ የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ስልኩን አንስቶ ለፀሐፊዋ «የማስጀመሪያውን ጥሪ ሰርዢው» አላት። ሞትን ከመልእክቱ አወጣነው። ከእንግዲህ ሰው ሲያርፍብን ቤተሰቡ ተጠርቶ፣ ወንበር ተሰጥቶት፣ ከሰው አፍ ነው የሚሰማው።

አሠልጣኛችን ስትሰማ ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ እቴ! «ዳይሬክተሩን ነገርሽው፣ ሲስተሙን አስተካከልሽው፣ ጎበዝ። ጉዳቱ የደረሰበት ሰውስ? እሱ ምን ያውቃል?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

አሁን ከታች እነግርሃለሁ ወዳልኩህ ልምጣ። ያን ሰሞን እማዬ አእምሮዬን የያዘችው ያለነገር አይደለም። የእውነት ሆስፒታላችን መጥታ ነበር። ልቧ ነው። ከልቧ በሮች አንዱ በደንብ አይዘጋም። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቆምና ቁልፍ የምትፈልግ መስላ ቦርሳዋን ትበረብራለች፤ ቁልፉ ግን እጇ ላይ ነው። ሐኪሙ በሚቀጥለው ወር ልቧ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ይደረግላት ብሏል። ተስፋው ጥሩ ነው ይላል፤ እርግጠኛ ነኝ ግን አላለም፣ እኔም አልልህም። «ለልጄ እንዳትነግሪው፣ ሰው አገር ብቻውን ይደነግጥብኛል» ብላ አስምላኛለች። ማልኩላት። ይኸው በዚህ መስመር ላይ መሐላዬን አፈረስኩ። መደንገጥህ አይቀርም። ግን ገና ሁሉም ነገር እጃችን ላይ ሳለ ደንግጥ፤ ዛሬ ብትደነግጥ መምጣት ትችላለህ፣ መደወል ትችላለህ፣ እሷም አቤት ትልሃለች።

አሁን በሩን ከፍታ «ለማን ነው ይህን ያህል የምትጽፊው?» አለችኝ።

«ለሥራ ነው» አልኳት።

ወረቀቱን አየት አደረገችና «ለሥራም ከሆነ፣ ብርድ እንዳይመታው ደራርቦ ይልበስ በይው» ብላ በሩን ዘጋችው።

የሙከራ መዝገቦቹን በሙሉ ሰርዘናል። ትናንት ደግሞ የእማዬን እውነተኛ ካርድ ወደ ሲስተሙ አስገባሁ። የቅርብ ቤተሰብ በሚለው ቦታ ከእኔ ቁጥር በላይ የአንተን ጻፍኩ። ፕሮግራመሩ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር፤ ከዚያ ጉድ ወዲህ ቁጥር ሲያይ ይበረግጋል። «ይህ ቁጥር ይነሳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይነሳል» አልኩት።

ጭምቱ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው፣ የምትነካው ሁሉ ይቅናህ፤ ፈጣሪ ሦስታችንንም አንድ ማዕድ ላይ ይሰብስበን።

ሁሌም የምትወድህ እኅትህ፣
አለቃ