ያላጠብኩት ማሰሮ

ጥቅምት 8፣ ሰኞ
የጥንታዊ ዕቃ ሱቄ ገበያ ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ፈረንሳዮች ገቡ፣ ሁሉን ነካክተው አንድ የሸክላ ኩራዝ ገዙ። ከሰዓት በኋላ ቆፋሪው ሺብሊ ሦስት ጥንታዊ ማሰሮ በጆንያ አመጣ። ዘንድሮ ከሚቆፍረው ከዚያው ከሎሚው እርሻ። የአንዱ አፍ በጭቃ እንደተደፈነ ነው። ሁለቱን እንደ ወትሮው ወደቡ ዳር አጠብኩ። አመድ፣ ከሰል፣ ጣት የማያክል አጥንት... ሁሉም ወደ ባሕር። ገዢ አጥንት አይወድም። ሦስተኛው ላይ ደከመኝ፤ ተውኩት።

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ
ዶክተር ነዳ ከቤሩት መጣች። ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንታዊ ቅርስ የምታስተምረው። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። የታጠቡትን አነሳች፣ ውስጣቸውን አሸተተች።
«ውስጡ የነበረውስ፣ ኡም ሚሻል?» አለችኝ፤ እንደ አገሩ ሰው የሚሻል እናት ብላ ነው የምትጠራኝ።
«ባሕር ገባ።»
«የዘንድሮው ሁሉ?»
«ሁሉም።»
ወንበር ፈልጋ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። የጥንት የጢሮስ ሰዎች ልጆቻቸውን ለአምላክ ያቃጥሉ ነበር የሚሉ አሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስም ይላል። ሌሎች ደግሞ በሕመም የሞቱ ሕፃናት መቃብር ነው ይላሉ። ከማሰሮው በላይ የሚቆመው ድንጋይ ስም እንጂ ሌላ አይናገርም። አጥንቱ ግን ሕፃናቱ ስንት ቀን እንደኖሩ ይናገራል። ለዚያም የአንድ ማሰሮ አጥንት አይበቃም፤ የብዙ ማሰሮ ያስፈልጋል።
ብዙውን አንቺ አጥበሽዋል አላለችኝም። ለራሴ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 11
ሙሴ ናዲም ደወለ፣ የቤሩቱ ባለጸጋ። ስለተደፈነው ማሰሮ ሰምቷል። ይፈልገዋል፤ ግን ታጥቦ። «ሚስቴ ሳሎኗ ውስጥ ሬሳ አትፈልግም» ብሎ ሳቀ። ሰኞ ይመጣል። እሺ አልኩ።
ለምን እሺ አልኩ? ልማድ።

ጥቅምት 12
ምስሩ አረረብኝ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሕፃኑ ወንድሜ በተወለደ በሰባተኛ ቀኑ ሞተ፣ ሳይጠመቅ። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም አሉ። እናቴ በዘይት ማሰሮ ውስጥ አስተኛችው፤ በለሷ ሥር ቀበርነው። ማሰሮውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከብዶኝ ነበር...
ነገ አንዱ ቆፍሮ ቢያገኘው ምን ይላል? አረዱት?
የእነዚህ የማሰሮዎቹ ሕፃናት እናቶችስ? አርደውስ ቢሆን? እሱንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ማወቁንም አለማወቁንም መፍራቴ ነው የሚያቁነጠንጠኝ።

ጥቅምት 15፣ ሰኞ
ማሰሮውን ጠረጴዛ ላይ አደረግኩለት። ጭቃው እንዳለ።
«አልታጠበም» አለ ሙሴ ናዲም።
«አላጥበውም። አልሸጠውምም።»
«ዋጋ ለማስወደድ ነው? እኛ አንቺን እናውቅሽ የለ!»
በከተማው ሌላ ሱቅ አልጠፋም ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው። እኔ ባልገዛውም ሺብሊ ለሌላ ይሸጣል። ስለዚህ ዶክተሯን ጠርቼ የሎሚውን እርሻ አሳየኋት፤ ማሰሮውንም ሰጠኋት። ሺብሊ ለጎረቤት «አሮጊቷ ለየላት» ይላል አሉ።
ደንበኛና አቅራቢ በአንድ ቀን አጣሁ። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ንግድ ነግጄ አላውቅም።

ጥቅምት 29
ከዶክተሯ ወሬ የለም። ሱቁን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁ።

ኅዳር 20
ዶክተሯ መጣች። ማሰሮው ውስጥ የነበረው አንድ ሕፃን ነው። ከተወለደ በኋላ በሕይወት የቆየ ልጅ ድድ ውስጥ ባለ፣ ገና ባልበቀለ ጥርስ ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን መስመር አግኝተውበታል። ሁለት ሳምንት ገደማ ኖሯል። አብሮት የጠቦት እግር ተቃጥሏል።
«አረዱት?»
«ጥርስ እስከዚያ አይናገርም። ጠቦቱን አንዱ የመሥዋዕት ምትክ ይለዋል፣ ሌላው ተዝካር።»
«አንቺስ?»
«በአንድ ማሰሮ አልፈርድም። እርሻው አሁን ጥበቃ አለው፤ በሥርዓት እንቆፍራለን።»
ያኔ ነው የእናቴን ማሰሮ የነገርኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ደብተሯን አወጣች። ማሰሮው ምን ዓይነት ነበር? ምን አብሮት ተቀበረ? ሰማያዊ ዶቃ፣ አልኳት።
«ስሙስ?»
«አልወጣለትም።»
የስሙን ቦታ ባዶ ተወችው። ብዕሯን ልትከድን ስትል እጇን ያዝኩ።
«አሟሟቱንም ጻፊ። ትኩሳት ነው። ሦስት ቀን። እናቴ ከእቅፏ አላወረደችውም።»
ጻፈችው። ደብተሩን ወደ እኔ አዙሬ አነበብኩት። ልክ ነው።