ስምሽን ከመስጠትሽ በፊት

ለልጄ ለፍናን፣ እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬም ታድሷል።

ሐሙስ ለንደን ስላለው የስደተኞች ማረፊያችሁ ለጋዜጣ ልትናገሪ፣ ፎቶም ልትነሺ ነው አሉ። የጥገኝነት ጉዳይሽ ገና አልተወሰነም። «ጋዜጠኛዋ ጨዋ ናት» አልሽኝ። ጨዋነቷን አልጠየቅሁሽም። የጋዜጣው ባለቤት ማነው? ማን ያነበዋል? በምርጫ ጊዜስ ማንን ይደግፋል?

መዝገበ ቃላት ይዤ ስለ እንግሊዝ ጋዜጦች ሁለት ሳምንት አነበብኩ። ታይምስና ሳን የአንድ ኩባንያ ናቸው፤ ግን አንዱ ለተማረውና ለባለሥልጣኑ፣ ሌላው ለተራው ሠራተኛ ይጻፋል። ጋርዲያን የአደራ ድርጅት ንብረት ነው፣ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ቴሌግራፍ ወደ ቀኝ። ጓደኛዬ ዑቕባሚካኤል ካፌ ውስጥ «አንተ ሽማግሌ፣ ለንደን ላይ ሚኒስትር አደረጉህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

እዚህ ሮማ፣ ስደተኞች ተጠልለንበት ከነበረው የፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሕንፃ ፖሊስ ባስወጣን ጊዜ እኔም ለሁለት ጋዜጦች አንድ ዓይነት ቃል ተናግሬ ነበር። አንዱ «ቤት ያጣ አባት» አለኝ፤ ሌላው ከፎቶዬ ሥር «ሕንፃ ወራሪ» ብሎ ጻፈ። እኔ ተቀጥሬ የማስታምማቸው አዛውንት ልጅ የሚያነበው ሁለተኛውን ነበር። በማግስቱ የቤቱን ቁልፍ ተቀብሎ አሰናበተኝ።

ስለዚህ የጋዜጣውን ስም እስከ ረቡዕ ላኪልኝ። እስከዚያ ስምሽንም ፊትሽንም አትስጪ። አዝዤሽ አውቃለሁ እንጂ ለምኜሽ አላውቅም፤ አሁን ግን እለምንሻለሁ። እግዚአብሔር በማያውቁሽ ሰዎች ፊት ሞገስ ይስጥሽ።

አባትሽ ምሕረትኣብ፣ ሮማ